ከዩኒቨርሲቲው አጥር ውጭ

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ተወልዳችሁ ካደጋችሁበት ቀዬ ርቃችሁ፣ ስሙን በካርታ ላይ ብቻ ወደምታውቁት ከተማ ለከፍተኛ ትምህርት ትመደባላችሁ። የጎንደሩ ልጅ ሆሳዕና፣ የሆሳዕናዋ ልጅ ደብረ ማርቆስ ይደርሳቸው ይሆናል። ሻንጣችሁን ይዛችሁ ከመናኸሪያ ትወርዳላችሁ፤ ባጃጅ ተሳፍራችሁም ወደ ግቢው በር ታመራላችሁ። ከዚያ በኋላስ ምን ይሆናል? ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ይኸው ነው።

አብዛኛው ተማሪ ያን በር አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ ከተማውን የሚያየው ጽሑፍ ሊያባዛ ወይም ሻይ ሊጠጣ ብቅ ሲል ብቻ ነው። ዓመታቱም በመኝታ ክፍል፣ በምግብ አዳራሽና በቤተ መጻሕፍት መካከል ያልቁና፣ ተመርቆ ሲሄድ ስለ አገሩ የሚያውቀው የመጣ ዕለት ከሚያውቀው እምብዛም አይበልጥም። ስለ ምን ብላችሁ ብትጠይቁት «መኪና የለኝም፤ በምን ልዙር?» ይላችኋል። እኔ ግን ይህ ምክንያት ሚዛን አይደፋም ባይ ነኝ። እንዲያውም አገር ለማወቅ ለሚሻ ወጣት መኪና ማጣት ጥቅም አለው እላለሁ።

ለአብነት ያህል ሆሳዕናን እንውሰድ። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በደቡብ አቅጣጫ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነበር። ዩኒቨርሲቲውም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ስሙን በመታወቂያው ላይ ይዞ እየዞረ ትርጉሙን አንድም ሽማግሌ ሳይጠይቅ የሚመረቅ ተማሪ ስንት ይሆን? በከተማዋ ያለው ሆስፒታል ደግሞ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ይባላል። እሌኒ ከሀዲያ ገዥዎች ወገን ተወልደው በዐፄዎቹ ቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን የነበራቸው፣ ዐፄ ልብነ ድንግል በልጅነታቸው ሲነግሡ አገር ያስተዳደሩ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ማቴዎስ የተባለውን መልክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩ ሴት ናቸው። ጉንፋን ይዞት ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ በሩ ላይ የተጻፈውን ስም አንብቦ ቀና ቢል፣ ለአንድ ቀን የሚበቃ ትምህርት በነጻ ያገኛል። ለዚህ ደግሞ እግር እንጂ መኪና አያስፈልግም።

ከከተማው ወጣ ማለት ለሚፈልግ ሚኒባስ አለ። ወደ ዶዮገና ወይም ወደ ዱራሜ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ለሦስት በተሠራው ወንበር አራተኛ ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ጉልበታችሁ ላይ የሌላ ሰው ዘንቢል ያርፋል፤ ረዳቱ ስለ መልስ ይከራከራል። ምቾት የለውም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ በግል መኪና መስኮቱን ዘግቶ የሚያልፈው ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው ሙዝ የመሰለ አረንጓዴ ተክል ብቻ ነው። እናንተ ግን ከጎናችሁ የተቀመጡትን እናት «እማማ፣ ይህ ተክል ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። እርሳቸውም እንሰት ከቦታ ወደ ቦታ እየተነቀለ እንደሚተከል፣ ለመድረስ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ ሴቶች ግንዱን ፍቀው በጉድጓድ ውስጥ እንደሚያብላሉት፣ ከዚያም ቆጮው፣ ቡላውና ቃጫው እንደሚገኝ ይነግሯችኋል። እንሰት በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደሚመግብ ይገመታል። ይህን ያህል ሕዝብ የሚያኖር ተክል በአጠገቡ እያለ ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራውን የሀዲያ አተካና ሳይቀምስ የሚመረቅ ተማሪ ያሳዝነኛል።

ከዱራሜ አጠገብ አምባሪቾ ተራራ አለ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ወደ ጫፉ የሚያደርሰው መንገድም 777 ደረጃዎች አሉት። ደረጃውን ባለ መኪናውም ቢሆን በእግሩ መውጣት ግዴታው ነው።

ነገሬን ለማስረዳት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመኝ ግን ሀደሮ ነው። ወደዚህች የከምባታ ከተማ የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚቸኩለው፣ ሶኬና አጃንቾ የተባሉት ወንዞች ከገደል የሚወረወሩበትን የአጆራ ፏፏቴ ለማየት ነው። ፏፏቴው የሚደነቅ መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም እናንተ አስቀድማችሁ በከተማይቱ ገበያ ቆዩና ስለ ዝንጅብል ጠይቁ። ዝንጅብል ለሀደሮና ለአካባቢው ገበሬ ግብር የሚከፈልበት፣ ልጅ የሚማርበት ሀብት ነበር። በ2004 ዓ.ም. ግን አጠውልግ የተባለው በሽታ ገብቶ ማሳውን አወደመው። የዕፀዋት ሳይንስ ተማሪ የበሽታውን መንሥኤ ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም ብሎ በፈተና ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ሙሉ ነጥብም ያገኛል። ተሕዋሱ በአፈር ውስጥ እንደሚቆይ፣ በውሃ፣ በእርሻ መሣሪያና በተበከለ ዘር እንደሚተላለፍም ያውቃል። ነገር ግን ዘር በገበሬው ዘንድ ምን ማለት እንደ ሆነ ደብተሩ አልነገረውም። ዘር ጎረቤት ለጎረቤት፣ ዘመድ ለዘመድ የሚሰጠው ነገር ነው፤ «ይህ የታመመ ሊሆን ይችላልና አልቀበልህም» ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። ይህን ያልሰማ ባለሙያ ነገ ወደ ገበሬው ሄዶ «ንጹሕ ዘር ተጠቀሙ» ብሎ ሲያዝ ምክሩ ትክክል ይሆናል፤ ሰሚ ግን ላያገኝ ይችላል። ገበያው ከመማሪያ ክፍሉ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። የአንዱ ዕውቀት ያለ ሌላው ጎደሎ ነው ማለቴ ነው።

ቀደም ባለው ዘመን ይህን ጉድለት ለመሙላት መንግሥት ራሱ ተማሪውን ያስወጣ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይገደዱ ነበር፤ ብዙዎቹም በአስተማሪነት ሠርተዋል። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻም ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። ዘመቻው በወታደራዊ መንግሥት ትእዛዝ የተካሄደና ብዙ ግጭት ያስከተለ ስለ ነበር ይመለስ አልልም። እኔ የምለው ትእዛዙ በቀረበት ዘመን መውጣቱ የተማሪው የራሱ ፈንታ ሆኗል ነው። አንድ ቅዳሜና የሚኒባስ ሒሳብ ለጅምሩ ይበቃል።

«አገሩን ሳላውቅ ብወጣ አደጋ ቢደርስብኝስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይም ሴት ተማሪዎች የሚያነሡት ስጋት በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሦስት አራት ሁኑ። የአካባቢው ተወላጅ የሆነ የክፍል ጓደኛ ካላችሁ እርሱን አስቀድሙ፤ የሀዲይኛ ወይም የከምባትኛ ሰላምታም ከእርሱ ተማሩ። ሰላም የለም በተባለበት ሰሞን ጉዞው ይቅር። ሽማግሌ ሲያልፍ ተነሥታችሁ እጅ ንሡ፤ ሰውም ሆነ ቤት ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ገንዘብ ለሚያንሰው ደግሞ ከግቢው በር ጀምሮ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ መንገድ ሁሉ ነጻ ነው፤ እዚያም እንሰት አለ፤ እዚያም የሚያነጋግር ሰው አይጠፋም።

ሀደሮ ስትደርሱም ወደ ፏፏቴው ከማምራታችሁ በፊት ረዳቱን የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ጠይቁት። የነገራችሁን ሰዓት ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑ፤ መኪናው ከሞላ ቀድሞ ይሄዳልና ከገበያ የሚመለሱትን ሰዎች እያያችሁ፣ እነርሱ መሰለፍ ሲጀምሩ እናንተም አብራችሁ ተሰለፉ።