«አንድ ጊዜ የሠለጠነ ሠለጠነ» ለሚለው አስተሳሰብ የተሰጠ ምላሽ

ሲወለዱ መተንፈስ የሚያቅታቸውን ሕፃናት ስለማዳን በተነሣ ቁጥር የሚቀርበው መፍትሔ አንድ ነው፤ ያልሠለጠኑ አዋላጆችን ሰብስቦ ማሠልጠን። ሐሳቡ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2010 ያስጀመረው የጨቅላ ሕፃናት ማነቃቃት ሥልጠና በታንዛኒያ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ ነበር። በ2013 በታተመው ጥናት መሠረት፣ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት በ47 በመቶ ቀንሰዋል። ይህን አኃዝ አልክድም። የምሞግተው ከእሱ ተነሥተን «የሠልጣኙን ቁጥር ማብዛት ይበቃል» የምንለውን ነው።

በዚያው ዓመት ከታንዛኒያው ሃይዶም ሉተራን ሆስፒታል የወጣ ሌላ ጥናት ነገሩን ያወሳስበዋል። ባለሙያዎቹ የአንድ ቀን ሥልጠና ወስደው ከወራት በኋላ በአሻንጉሊት ሲፈተኑ ከቀድሞው የተሻለ ውጤት አመጡ። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ያለው አሠራራቸው ግን እምብዛም አልተለወጠም።

ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። በአምቡ ባግ፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ በጭምብል አየር በሚያስገባው ከረጢት፣ አየር ሊሰጣቸው የሚገባ ሕፃናት ከመቶ ከ3 እስከ 6 ያህል ብቻ ናቸው። ወሊድ በማይበዛበት ጤና ጣቢያ አንዲት አዋላጅ ለወራት አምቡ ባጉን ላታነሣው ትችላለች። መተንፈስ ያቃተው ሕፃን ሲመጣ ግን ያላት ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው። አድርቃውና አነቃቅታው ካልተነፈሰ ጭንቅላቱን በልኩ ማቅናት፣ ጭምብሉን ሳይላቀቅ ፊቱ ላይ መግጠም፣ ደረቱ መነሣቱን ማየት አለባት። ጭምብሉ በትንሹ ከተላቀቀ አየሩ በጎን ያመልጣል። ቅደም ተከተሉን በቃሏ ብታውቀውም፣ ያልተለማመደ እጅ እዚህ ላይ ይሰንፋል።

ሃይዶም ያገኘው መፍትሔ ትንሽ ነው፤ በሥራ ቦታ፣ በየሳምንቱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚወስድ ልምምድ። በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱት ሕፃናት ከ1000 ከ11.1 ወደ 7.2 ወርደዋል። ጥናቱ በፊትና በኋላ ያለውን ያነጻጸረ ስለሆነ ለውጡን ሁሉ ለልምምዱ መስጠት አይቻልም። ቢሆንም ከቀደመው ግኝት ጋር ሲነበብ አቅጣጫው ግልጽ ነው።

በእኛ አገር የለመድነው ሥልጠና ግን አዳራሽ፣ አበልና ሰርተፊኬት ነው። «ባለሙያው ሥራ ስለሚበዛበት ለሳምንታዊ ልምምድ ጊዜ የለውም» የሚል መከራከሪያ ይነሣል። እንዲያውም አዋላጅን ለቀናት ከክፍሏ የሚያርቃት የአዳራሹ ሥልጠና ነው፤ አምስት ደቂቃ ግን ከፈረቃ ርክክብ ጋር ሊሄድ ይችላል። ለዚህም አሻንጉሊቱና አምቡ ባጉ ከመጋዘን ወጥተው ማዋለጃ ክፍል መቀመጥ፣ ልምምዱን የሚመራ ሰው መመደብ አለበት። ሪፖርቱም ስንት ሰው እንደሠለጠነ ከመቁጠር አልፎ፣ መተንፈስ ካቃታቸው ሕፃናት ስንቶቹ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አየር እንዳገኙ ይመዝግብ።