የሶባው ተኩስና የእንግሊዝኛ ግሦች

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ማለዳ የሱዳን መዲና ካርቱም በተኩስ ስትናጥ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል የተባለው ታጣቂ ቡድን ባወጣው መግለጫ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ያለችውን ሶባን ጠቀሰ፤ የአገሪቱ ጦር እዚያ ያለውን ሰፈሬን ወርሮ ከበበኝ አለ። ጦሩ ደግሞ ጥቃቱን የፈጸመው ፈጥኖ ደራሹ ነው ሲል መለሰ።

እንዲህ ባለ ክርክር መካከል የዜና ተርጓሚ ግሥ ሲመርጥ ዳኛ ይሆናል። እንግሊዝኛ ጦርነቱ «ቢጋን» (ተጀመረ) ሲል በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ጊዜው ነው፤ ማንም አይከሰስበትም። «ብሮክ አውት» ሲልም ጦርነቱ ፈነዳ ማለቱ ነው፣ ያፈነዳው ግን አልተጠራም። «ስታርት» ባለቤት ሲያገኝ ነገሩ ይለወጣል። «ሁ ስታርትድ ኢት?» (ማን ጀመረው?) ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሰዓቱን ሳይሆን ጥፋተኛውን ነው የሚፈልገው። «ላውንች» ከዚህም ይብሳል፤ አስቦና ተዘጋጅቶ ጥቃት የከፈተ አለ ማለት ነው።

አማርኛ ይህን ሁሉ አሳምሮ ይችላል። ጦርነት ይጀመራል፣ ይቀሰቀሳል፣ ይፈነዳል፤ ተጠያቂ ሲፈለግ «ማን ጫረው? ማን ለኮሰው?» ይባላል። ይህን ሀብት ይዞ ሁሉንም በ«ጀመረ» መተርጎም ያሳዝናል። ባልተረጋገጠ ክስ ላይ «ጥቃት ከፈተ» ብሎ በራስ አንደበት መጻፍ ደግሞ አደገኛ ነው።

ለሰላማዊው ጅማሬም ሶባ ምሳሌ አታጣም። በመካከለኛው ዘመን የክርስቲያናዊው የዓልዋ መንግሥት መዲና ነበረች፤ ፍርስራሿ በጥቁር ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀይ ጡቧ እየተነቀለ ለካርቱም ግንባታ ተጓጓዘ። ካርቱም «ፋውንድድ» ከተባለች ቆርቋሪ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ቆረቆራት። «ቢጋን» ከተባለ ግን ከጦር ሰፈርነት ተነሥታ ቀስ በቀስ ከተማ መሆኗ ይጎላል። ሁለቱም እውነት ነው፣ ትረካው ግን ይለያያል።

ሌላው የመጀመር ግሥ «ኮሜንስ» ከፈረንሳይኛ የገባ በመሆኑ የሕግና የሥነ ሥርዓት ወግ ይዟል። ሞተር ደግሞ በ«ስታርት» እንጂ በ«ቢጊን» አይነሣም። ተማሪዎች እነዚህን ግሦች በተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ሳይሆን ከነባለቤታቸው ቢማሩ ይሻላል።

ከካርቱም ሸሽተው በመተማ በኩል ለተሻገሩት ኢትዮጵያውያን የዚያ ቅዳሜ ዜና የሕይወታቸው ታሪክ ነው። «ተኩስ ተጀመረ፤ ሁለቱም ወገኖች እርስ በርስ ይካሰሳሉ» ብሎ የሚጽፍና እያንዳንዱን ክስ ከተናጋሪው ስም ጋር የሚያቀርብ ተርጓሚ ይገባቸዋል።