የመንገዱ ሒሳብ ከማደያው ወደ ድልድዩ

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የወሩ የነዳጅ ዋጋ ይፋ በሚሆንበት ሰሞን በአል ሂሊም ሆነ በአቡ ዳቢ አሽከርካሪው ሁሉ ሒሳብ ያሰላል። በማደያው ከሚከፈለው ገንዘብ ከፊሉ ለመንገድ ሥራ እንደሚውል አድርጎ የሚያስብ ሰውም ጥቂት አይደለም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2015 ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ በየወሩ የሚወሰነው የዓለም ገበያን ተከትሎ ነው። በዚያ ወር ስፔሻል 95 የተባለው ቤንዚን በሊትር ከ1.72 ወደ 2.14 ድርሃም ከፍ አለ፤ በጁላይ 2022 ደግሞ 4.52 ድርሃም ደረሰ። ከ2018 ወዲህ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከልበታል። ይህም በሌላው ሸቀጥ ላይ እንደሚከፈለው ያለ ጠቅላላ ግብር እንጂ ለመንገድ ተብሎ ለብቻው የሚቀመጥ ገንዘብ አይደለም።

በብዙ አገሮች መንገድ ሲጠገን የኖረው በነዳጅ ቀረጥ ነው። ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚ የሆነችው ኦሪገን በ1919 በአንድ ጋሎን ቤንዚን ላይ አንድ ሳንቲም ጣለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ቀረጥ ግን ከ1993 ጀምሮ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ላይ እንደቆመ ነው፤ የአስፋልት፣ የብረትና የጉልበት ዋጋ አብሮት አልቆመም። በኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ዋነኛ የገቢ ምንጩ በነዳጅ ላይ የሚጣል ታሪፍ ሆነ። ባለመኪናው የሚያስታውሰው በየዓመቱ ቦሎ ሲያሳድስ የሚከፍለውን ነው፤ መንገዱን የሚያስጠግነው ግን ሳያስተውል በማደያው የሚከፍለው ነበር።

ዘዴው ብልኀት ነበረው። ብዙ የተጓዘ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ብዙም ይከፍላል፤ ሰብሳቢና ተቆጣጣሪ ማሰማራት አያሻም። አሁን ግን መሠረቱ እየተሸረሸረ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና አስፋልቱን እንደ ሌላው ሁሉ ይረግጣል፤ ወደ ማደያ ግን ዝር አይልም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስትከለክል የነዳጅ ወጪዋን ለመቀነስ አስባ ነው፤ የመንገድ ፈንዱ ግን ውሎ አድሮ ሌላ ምንጭ መሻቱ አይቀርም። ኦሪገን እንኳ ከ2015 ጀምሮ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ አሽከርካሪዎችን በተጓዙት ማይል ልክ ታስከፍላለች።

የነዳጅ ቀረጥ በአል ዐይን ቢሞከር ደግሞ የራሱ ጣጣ በኖረው ነበር። ለአል ሂሊ የኦማኗ ቡራይሚ ጎረቤት ናት። ኦማን የነዳጅ ዋጋዋን በኦክቶበር 2021 መጠን ላይ ገድባ ስለያዘች፣ በ2022 ዋጋው ባሻቀበ ጊዜ በሁለቱ ወገን ማደያዎች መካከል የነበረው ልዩነት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ድንበር ተሻግሮ የተቀዳ ነዳጅ ለአል ዐይን መንገድ የሚያዋጣው አንዳች ነገር የለም።

አቡ ዳቢ የመረጠችው ተጠቃሚውን በቀጥታ ማስከፈልን ነው። በ2009 የተጀመረው መዋቂፍ ለመኪና ማቆሚያ ያስከፍላል። ከጃንዋሪ 2 ቀን 2021 ጀምሮ የሚሠራው ደርብ ደግሞ በሼኽ ዛይድ፣ በሼኽ ኸሊፋ፣ በመቅጠዕና በሙሰፈሕ ድልድዮች በመጨናነቂያ ሰዓት ለእያንዳንዱ ማለፊያ 4 ድርሃም ይቆርጣል። ለአል ሂሊ ነዋሪ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ በዚያው በአል ሂሊ ሦስት ሺሕ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ፈለጅ ተቆፍሮ ተገኝቷል። በፈለጅ ሥርዓት ውሃው በሰዓት ተመጥኖ ለባለ ድርሻዎች ይዳረሳል፤ የቦዩ ጠረጋና ጥገናም የእነርሱው ዕዳ ነው።

ክርክር የሚያስነሳው ክፍያው መኖሩ አይደለም፤ አከፋፈሉ ነው። እስከ 2025 ድረስ አንድ የግል መኪና በቀን ከ16 ድርሃም በላይ አይቆረጥበትም፣ የመጀመሪያው መኪና የወር ጣሪያም 200 ድርሃም ነበር። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ጣሪያው ተነሥቷል። የጠዋቱ ሰዓት ከ7 እስከ 9 እንደነበረ ሲቀጥል፣ ከቀትር በኋላ ያለው ከ5 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት ተስቦ እስከ 7 ይዘልቃል፤ እሑድና የሕዝብ በዓላት ነጻ ናቸው። ጠዋት ሄዶ ማታ ለሚመለስ ሰው ለውጡ እምብዛም አይደለም፤ በ26 የሥራ ቀን 208 ድርሃም ቢመጣበት ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሥራ ገብቶ፣ ከ3 ሰዓት በኋላ እነርሱን ለመመለስ ድልድዩን ደጋግሞ የሚያቋርጥ ግን በቀን ስድስት ጊዜ ቢያልፍ 24 ድርሃም፣ በወር 624 ድርሃም ይከፍላል።

አነስተኛ ገቢ ላላቸው፣ በዕድሜ ለገፉና ለጡረተኛ ዜጎች እንዲሁም ለአካል ጉዳተኞች ነጻ የመሆን መብት መሰጠቱ የሚመሰገን ነው። በዚህ ክልል የማይካተተው፣ የሥራ ሰዓቱን ሌላ ሰው የሚወስንለት የውጭ አገር ሠራተኛ ነው። ለእርሱ ሁነኛው አማራጭ አውቶቡስ ነው፤ የሕዝብ አውቶቡሶች ከድልድዩ ክፍያ ነጻ ናቸው። ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ የኤምሬቱ የአውቶቡስ ታሪፍ መነሻ 2 ድርሃም ሆኖ በኪሎ ሜትር 5 ፊልስ ይጨመርበታል፤ አውቶቡስ ቀይሮ ለሚሄድም መነሻው ሁለት ጊዜ አይታሰብም። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረዲየላሁ ዐንሁ) በዒራቅ ምድር አንዲት በቅሎ ብትደናቀፍ፣ መንገዷን ለምን አላስተካከልክላትም ተብዬ እጠየቃለሁ ብለው ይፈሩ እንደነበር ይተረካል። ተጠያቂነቱ ገንዘቡን መሰብሰብ ላይ አያበቃም። የሚመለከተው አካል ከድልድዮቹ በየዓመቱ ምን ያህል እንደተሰበሰበና ስንቱ ለመንገድ ጥገና፣ ስንቱ ለአውቶቡስ እንደዋለ ዘርዝሮ ቢያስታውቅ፣ ከፋዩ የሚከፍልለትን ነገር ባወቀ ነበር። ከዚያ በፊት ግን በአል ዐይን ሰናዒያ ከፈጅር ሶላት በኋላ ወደ ሥራ ለሚወጡና ሌሊት ለሚመለሱ ሠራተኞች በፈረቃቸው ሰዓት ልክ የሚደርስ አውቶቡስ መመደብ ይቅደም።