ነዋሪው ያልተጠየቀበት ቤት፦ ከደማምና ከአል-ኾበር ማማዎች የሚገኝ ትምህርት

የመኖሪያ ቤት አቅርቦት በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠቀሰው የቤቶቹ ብዛት ነው። ስንት ቤት ተሠራ፣ ስንቱስ ተላለፈ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በቤቱ የሚኖረው ሰው ሐሳቡን ተጠይቋል ወይ የሚለው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይህ ሲዘነጋ የሚከተለውን ኪሳራ የሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት ከተሞች ደማምና አል-ኾበር ከአርባ ዓመታት በፊት አይተውታል።

በ1970ዎቹ የነዳጅ ገቢ ባደገበት ወቅት ወደ ከተሞች የሚፈልሰው ሕዝብ በረከተ፤ ቤትም አጠረ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 የሕዝብ ሥራዎችና የቤቶች ሚኒስቴርን አቋቁሞ በፍጥነት የሚጠናቀቁ የመኖሪያ ማማዎችን አስገነባ። ግንባታው በአሥርቱ ዓመት መገባደጃ ቢያበቃም አብዛኞቹ ክፍሎች ለዓመታት ባዶ ቀሩ። በተመራማሪዎች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ምክንያት ንድፉ ከቤተሰቡ አኗኗር ጋር አለመስማማቱ ነው፦ ደረጃውና አሳንሰሩ የጋራ ነው፤ ግቢ የለም፤ እንግዳ የሚስተናገድበት መጅሊስ ከቤተሰቡ ክፍል በበቂ አልተለየም። ማማዎቹ በሰው የተሞሉት እ.ኤ.አ. በ1990 የባሕረ ሰላጤው ቀውስ ሲነሣ፣ ከኩዌት የተሰደዱ ቤተሰቦችና የጥምር ኃይሎች ወታደሮች ሲሰፍሩባቸው ነበር።

በእነዚሁ ከተሞች ሌላ ተሞክሮም አለ። አራምኮ እ.ኤ.አ. በ1951 በጀመረው የቤት ባለቤትነት ፕሮግራም ሳዑዲያውያን ሠራተኞች ያለ ወለድ በተገኘ ብድር ቤት ሠሩ። የባዕድ መልክ ያለውን ቪላ እንኳ የአጥሩን ግንብ ከፍ እያደረጉ ከልማዳቸው ጋር አስማሙት። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በአንደኛው ነዋሪው ቤቱን የማስተካከል ሥልጣን አልነበረውም፣ በሁለተኛው ነበረው።

ዛሬ ጉዳዩ ከግንባታ ወደ አስተዳደር ተሸጋግሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 በሳዑዲ ዓረቢያ የወጣው የጋራ ሕንፃዎች ባለቤትነትና አስተዳደር ሕግ፣ የክፍል ባለቤቶች በማኅበር ተደራጅተው ስለ ጥገና፣ ስለ ጽዳትና ስለ ጋራ ወጪ እንዲወስኑ መንገድ ከፍቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የማኅበሩ አባል ባለቤቱ እንጂ ተከራዩ አይደለም። አሳንሰሩ ሲቆም ደረጃውን የሚወጣው፣ ውኃው ሲቋረጥ ልጆቹን የሚያጥብበት የሚያጣው ግን በቤቱ የሚኖረው ተከራይ ነው። ለአብዛኛው ስደተኛ ወገናችን ጉዳዩ የሚነካው እዚህ ላይ ነው።

በአገር ቤትም መልኩ ተመሳሳይ ነው። በኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 ማኅበሩን ለባለቤቶች ሰጥቷል፤ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ግን ተከራይተው የሚኖሩት እጅግ ብዙ ናቸው።

ነዋሪን አለመስማት ከምቾት ማጣትም አልፎ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። በለንደን የሚገኘው ግሬንፌል ታወር የአካባቢው መስተዳድር የሚያከራየው ሕንፃ ነበር። ነዋሪዎቹ ስለ እሳት አደጋ ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017፣ በረመዳን ሌሊት በተነሣው ቃጠሎ 72 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ስሙ የተከራዮች አስተዳደር ነበር፤ በቦርዱም ነዋሪዎች ተቀምጠው ነበር። ወንበር መስጠትና ቃልን መስማት እንደማይተካኩ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ብሪታንያ የማኅበራዊ ቤቶችን ቁጥጥር የሚያጠብቅ ሕግ ያወጣችው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2023 ነው።

ሹራ፣ ማለትም መመካከር፣ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ ቃል አይደለም። ምክክር ግን ፍሬ የሚያፈራው ከውሳኔ በፊት ሲደረግ ነው። አከራዩ መንግሥትም ይሁን ማኅበር ወይም ግለሰብ፣ ሦስት ነገሮች ይጠበቁበታል፦ ጥገና ከመጀመሩ በፊት ነዋሪውን መጠየቅ፣ ለቀረበ አቤቱታ በተወሰነ ቀን መልስ መስጠት፣ የጋራ ወጪውን ሒሳብ ለከፋዮቹ ማሳየት። ተከራዩም በበኩሉ ውሉ በኢጃር መመዝገቡን ማረጋገጥ፣ ብልሽትን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድነት መጠየቅ ይገባዋል። የደማምና የአል-ኾበር ማማዎች ባዶ የቀሩት ሲሚንቶ ወይም ገንዘብ ጎድሎ አልነበረም፤ የጎደለው ለነዋሪው አስቀድሞ ሊቀርብለት ይገባ የነበረው ጥያቄ ነው።