ጡት መልሶ ለመሥራት ስለሚገባው ባዕድ ቆዳ

በነቀርሳ ምክንያት ጡቷ የተቈረጠላት ሴት ደረቷ እንደ ቀድሞው ይሆንላት ዘንድ ብትመኝ፥ ከንቱ ጌጥ ፈለገች ብለን ልንነቅፋት አይገባንም። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የነቀርሳ ዓይነቶች የጡቱ የበዛ ነውና ነገሩ ለማንም ቤት እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ የቀዶ ሕክምና ዘዴ ጥቂት እንናገራለን።

ከሞተ ሰው፥ ከከብት ወይም ከአሳማ የተወሰደ ቆዳ ሕዋሳቱ ታጥበው ይወጡለትና እንደ መረብ ያለው ድርና ማጉ ብቻ ይቀራል። ሐኪሙም ይህን በደረቷ ቆዳ ሥር አግብቶ የሲሊኮኑን ጡት እንደ አንቀልባ ይደግፍበታል። የሴትዮዋ ደም ሥር ቀስ በቀስ ወደ መረቡ ገብቶ ይዋሐደዋል ተብሎ ይታሰባል። (አሳማ በሃይማኖቷ የተከለከለባት ሴት ቆዳው ከምን እንደ መጣ አስቀድማ ትጠይቅ፤ ነውር የለበትም።)

ደም እስኪገባበት ድረስ ግን መረቡ ባዕድ ነው። በዙሪያው ውሃ ይቋጠራል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ አንዳንድ ጊዜም በላዩ ያለው ቆዳ ደም አጥቶ ይሞታል። መግል ሳይኖር ጡቱ የሚቀላበትም ጊዜ አለ፥ ይህም ሐኪምን ሳይቀር ያሳስታል። ጨረር የተደረገላት፥ የስኳር በሽታ ያለባት ወይም ትምባሆ የምታጤስ ሴት ይልቁን የተጋለጠች ናት። የሆላንድ ሐኪሞች በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፥ በባዕድ ቆዳ ባንድ ጊዜ ከተሠሩት 91 ጡቶች በ26ቱ ብርቱ ችግር ሲደርስ፥ ያለ እርሱ በሁለት ጊዜ ከተሠሩት 92 ግን በ5ቱ ብቻ ደረሰ። ጥፋቱ የቆዳው ነው ወይስ ባንድ ጊዜ ለመጨረስ የመቸኰል? ይህ ያከራክራል።

ይህን ስናነብ አሳባችን ወደ ወላይታ፥ ወደ ዱቦ ሄደ። በዚያ የቅድስት ማርያም ሆስፒታል አለ፤ ሶዶም ሩቅ አይደለም። ጡት መልሶ በመሥራት የሠለጠነ ሐኪም ግን ብዙ ጊዜ የሚፈለገው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተሂዶ በአዲስ አበባ ነው። ችግሩ ደግሞ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሴትዮዋ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ቁስሉ ሳይጠና እንሰት ወደ መፋቅና ውሃ ወደ መሸከም ብትመለስ የሚቋጠረው ውሃ ሊበዛ ይችላል፤ ባል ወይም አማት ይህን ሥራ ለጥቂት ሳምንታት ቢይዙላት ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

በእኛ አስተያየት ከሐኪሟ ርቃ ለምትኖር ሴት ከገዛ ጀርባዋ ወይም ከሆዷ በተወሰደ ሥጋ መሠራቱ፥ ቀዶ ሕክምናው ቢረዝምና ሌላ ጠባሳ ቢተውም፥ ሊመከርበት የሚገባ ነው። በጥጥ የተሞላ ጡት ከልብስ ሥር ማድረግም እንደ ድህነት አይቈጠር። ባዕዱን ቆዳ የመረጠች እንደ ሆነ ግን የገባላትን ቆዳ ዓይነትና ቀኑን በወረቀት አስጽፋ ትያዝ። ትኩሳት ወይም መቅላት ባየች ዕለትም፥ ሳታድር፥ ያንን ወረቀት ይዛ በቅርቧ ወዳለው ሐኪም ትሂድ።