አመድ ሁሉ ለጡብ አይሆንም

ከድንጋይ ከሰል ማመንጫ ጭስ ተጣርቶ የሚሰበሰበው በራሪ አመድ፣ በተለምዶ ፍላይ አሽ የሚባለው፣ ለጡብ ሥራ ተስማሚ መሆኑ በተግባር ተረጋግጧል። በውስጡ የሚገኙት ሲሊካና አሉሚና ከኖራና ከውኃ ጋር ሲዋሐዱ እየጠነከሩ ስለሚሄዱ ጡቡ በእሳት መተኮስ አያስፈልገውም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ደንብ ከከሰል ማመንጫዎች በ50 ኪሎ ሜትር ዙሪያ የሚገኙ የሸክላ ጡብ አምራቾች ከአፈሩ ጋር ቢያንስ 25 በመቶ አመድ እንዲቀላቅሉ አስገድዳለች። ዓላማውም ለም አፈርን ከመቆፈር ማዳንና የአመድ ክምችትን መቀነስ ነበር።

ይህን ተሞክሮ ወደ አገራችን ለማምጣት ስናስብ ግን አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ የምንናገረው ስለ የትኛው አመድ ነው? ኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይሏን በአብዛኛው የምታገኘው ከውኃ ነው። በአዲስ አበባ በቅድሚያ የሚታሰበው በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በቀን 1,400 ቶን ያህል ደረቅ ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታቅዶ የተገነባው የረጲ ማመንጫ አመድ ነው።

የሁለቱ አመዶች ስም ቢመሳሰልም ጠባያቸው ይለያያል። ከቆሻሻ ቃጠሎ ጭስ የሚጣራው በራሪ አመድ እርሳስን፣ ካድሚየምን፣ ክሎራይድንና ዳዮክሲንን ሊይዝ ስለሚችል በብዙ አገሮች በአደገኛ ቆሻሻነት ይመደባል። በምድጃው ግርጌ የሚቀረው ሸካራ አመድ በመጠን ይበልጣል፤ ጉዳቱ ግን ያንሳል። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ብረታ ብረቱ ከተለቀመለትና ለሳምንታት አየር ላይ ከቆየ በኋላ ለመንገድ መሠረት ሙሌት ያገለግላል።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ከቆሻሻ ቃጠሎ የሚገኝ በራሪ አመድ ወደ ጡብ ማምረቻ ሊገባ አይገባም። የግርጌው አመድም ቢሆን የመጨመቅ ጥንካሬው ስለተለካ ብቻ ብቁ ነው ሊባል አይችልም። ጡብ ዝናብ ይመታዋል፤ ይቦረቦራል፤ ሕንፃው ሲፈርስም ተፈጭቶ ወደ አፈር ይመለሳል። ስለሆነም ከጡቡ በውኃ ታጥቦ የሚወጣው የከባድ ብረቶች መጠን ከጥንካሬው እኩል ሊለካ ይገባል። ለርካሽ ግድግዳ ሲባል ይህን ፍተሻ መዝለል አያስፈልግም፤ በስምጥ ሸለቆ በብዛት የሚገኘው ፑሚስ ራሱ ከኖራ ጋር የሚዋሐድ የተፈጥሮ ፖዞላና ነው፤ ለብሎኬት ሥራም አዲስ አይደለም።

በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ከማመንጫው አጠገብ በሚገኘው በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሟቾቹ ርካሽ መጠለያ ፍለጋ ከክምሩ ሥር የሰፈሩ ድሆች ነበሩበት። ርካሽ ጡብ ሲመረትም ቀድሞ የሚገዛው ይኸው የኅብረተሰብ ክፍል ነው። ከተማው ያስወገደውን መርዝ በግድግዳ መልክ መልሶ ለእነርሱ መሸጥ የቆሻሻ አያያዝ መፍትሔ ተብሎ ሊጠራ አይገባም።