እንግዳው ቄስ ወደ ሠፈራችን ሲመጡ



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እንግዳ አቀባበል ነው። «እንግዳ መቀበልን ለእኛ ማን ያስተምረናል?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እውነታችሁን ነው። ነገር ግን እኔ ራሴ በዚህ ጉዳይ ተሳስቼ አባቶችን አሳፍሬአለሁና ከስሕተቴ እንድትማሩ ብዬ እጽፋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ሠፈር የሚኖሩ ወላጆች አንድ ቄስ ከሌላ ከተማ መጥተው በሰንበት እንዲያስተምሩላቸው ፈለጉ። ዝግጅቱን እኔ ያዝኩ። ወንበር አስደረደርኩ፤ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ ሁሉም የተሟላ መሰለኝ። ቀኑ ሲደርስ ግን የቤት ክኔሴቱ ሰዎች በዕብራይስጥ ብዙ ተናገሩ። ቄሱ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስ የቀረው ጊዜ 10 ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። አስተርጓሚ ስላላዘጋጀሁ ከሕዝቡ መካከል አንድ የ12 ዓመት ልጅ አስነሣን። ልጁ ግማሹን ዘለለው፤ ጓደኞቹም ሳቁበት። አባቱ አንገቱን ደፋ።

ልጆቹ ክፉዎች ሆነው አይደለም። በአገር ቤት ቄስ ማለት ኦሪትን በግዕዝ አንብቦ በአማርኛ ወይም በትግርኛ የሚያስረዳ፣ የሚያጋባ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ አባት እንደ ነበረ የነገራቸው የለም። እኛ አዋቂዎቹ ጥግ ካስቀመጥናቸው ልጆቹ አክብሮትን ከማን ይማራሉ?

በሁለተኛው ጊዜ ከሽማግሌዎች ጋር ተመካክረን እንዲህ አደረግን።

አንደኛ፣ ከቤት ክኔሴቱ ራቢ ጋር አስቀድመን ተነጋገርን። ማን መቼ እንደሚናገርና ለስንት ደቂቃ እንደሆነ ተስማማን። ራቢው የመጀመሪያውን ተራ ለእንግዳው በደስታ ለቀቁ።

ሁለተኛ፣ በሰንበት በመኪና ስለማይኬድ፣ ቄሱ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሰው ሰንበት እስኪወጣ የሚያርፉበት፣ ለቤት ክኔሴቱ ቅርብ የሆነ ቤት አዘጋጀን።

ሦስተኛ፣ ስለ ምግብ ጠየቅናቸው። በአገር ቤት የሰንበት ምግብ ዓርብ ተሠርቶ ሳይሞቅ ይበላ ነበር። እዚህ ግን በብዙ ቤት ምግቡ በፕላታ ላይ ይቆያል። የጥንቱን ሥርዓት የሚጠብቁ ቄሶች ስላሉ ሳይጠይቁ ማቅረብ እንግዳን ማስጨነቅ ነው።

አራተኛ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አዋቂ ሰው ለማስተርጎም መረጥን። ዓርብ ዕለት ከቄሱ ጋር ቁጭ ብለው በትምህርቱ ላይ ተነጋገሩ። በሐኪም ዘንድም ሆነ በትምህርት ቤት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት የምላችሁም ለዚሁ ነው፤ ልጁ ይጨነቃል፣ ወላጅም ይዋረዳል። በሰንበት ማይክሮፎን ስለማይከፈት ደግሞ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌዎችን ከፊት አስቀመጥን።

አምስተኛ፣ ልጆቹን ከአንድ ሳምንት በፊት ሰበሰብናቸው። ወገኖቻችን በ1985 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁዲነታችን አይጠረጠር ብለው በኢየሩሳሌም በዋናው ራቢነት መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት እንደ ተቀመጡ፣ ስግድም በ2008 በክኔሴት ሕግ የአገር በዓል እንደ ሆነ ሽማግሌዎች ነገሯቸው። እያንዳንዱ ልጅም ቄሱን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አዘጋጀ።

ዓርብ ማታ ቄሱ ወደሚያርፉበት ቤት ሲገቡ «ቤት ለእምቦሳ!» አሉ። እመቤቲቱም «እምቦሳ እሰሩ!» ብላ ተቀበለቻቸው። ትንሹ ልጅ እናቱን «ኢማ፣ እምቦሳ ምንድን ነው?» አላት። «ጥጃ ነው» አለችው። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጥጃ?» ብሎ ጮኸ።

ቄሱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያም ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ጥጃ የታሰረበት ቤት ወተትና በረከት የማያጣ ቤት እንደ ሆነ አስረዱት። በማግሥቱ በቤት ክኔሴት የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀው ያው ልጅ ነው። አባቱ ከኋላው ቆሞ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ።

ወገኖቼ፣ በሠፈራችሁ ቄስ ለመጋበዝ ስታስቡ በመርከዝ ክሊታው ያሉትን ሽማግሌዎችና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛውን ቀደም ብላችሁ አማክሩ። ልጆቻችሁን ግን እናንተው አዘጋጁ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።